ሰው ሲሞት እንኳ ይነገራል

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ የወንጌላውያን አጥቢያ የሽማግሌዎች ጸሐፊ ነኝ። በደህናው ጊዜ እሁድ ጠዋት ከ150 ሰው በላይ እንሆን ነበር። አሁን 23 ቀርተናል፤ 17ቱ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። መጋቢያችን ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። አባላት በጉልበታቸው የሠሩት ቤት፣ በምሪት ቦታ ላይ ያለ፣ ጣራው ያፈሳል። የጥበቃውን ደመወዝ ሦስት ወር አልከፈልንም። ዋናው ጽሕፈት ቤት እስከ ሰኔ 30 እንድንዘጋና ደሴ ካለው አጥቢያ ጋር እንድንጠቃለል ጽፎልናል። እኛ ሽማግሌዎች አራት ነን። ሁለታችን ‹እናቶች እንዳይደነግጡ በመጨረሻው እሁድ እንንገራቸው› እንላለን። አንዱ ‹መዝጋት እምነት ማጣት ነው፤ በደርግ ጊዜ ተዘግተን በዝተን አልወጣንም ወይ?› ይላል። አራተኛው ዝም ብሏል። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ በመጨረሻው እሁድ መንገር አይሆንም። በሚመጣው እሁድ ንገሯቸው።

እናቶች አያውቁም ማለታችሁ ራሱ ስህተት ነው። እሁድ ጠዋት ወንበር የሚደረድሩት እነሱ ናቸው። ድሮ ስንት ረድፍ ይደረደር እንደነበር፣ ዛሬ ስንት እንደሚበቃ ከእናንተ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ጣራው ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅኑት እነሱ ናቸው። የጥበቃው ደመወዝ እንዳልተከፈለም ሰምተዋል፤ ምሳ የሚያቀብለው ማን ሆነና! የማያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ ምን እንደወሰናችሁ። የሚያስደነግጣቸውም እሱ ነው።

ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት እዚሁ ወሎ ውስጥ አንዲት አጥቢያ ስትዘጋ አማካሪ ሆኜ ነበር። «ቀስ ብለን እንንገራቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀስ ስንል ቀኑ ደረሰ። መልእክቱ ለሦስት እናቶች ሳይደርስ ቀረ። አንዷ በቀጣዩ እሁድ እንደ ልማዷ መጣች። በሩ ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ። መጽሐፍ ቅዱሷን በፌስታል እንደያዘች አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰው አርፍዶ ይሆናል ብላ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቀች። ያየቻት ጎረቤት ሻይ አወጣችላት። ሰምቼ ቤቷ ስሄድ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ሰው ሲሞት እንኳ ይነገራል» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ቀስ ብለን» የሚል ምክር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

እናንተ እያደረጋችሁት ያለው መርዶ መደበቅ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየቤታችን ሠርተነዋል። ግን መርዶ የራሱ ወግ አለው። በማለዳ ይነገራል። የሚነግረው ባዕድ አይደለም፤ ቅርብ ሰው ነው። ብቻውንም አይሄድም። ከነገረ በኋላ ጥሎ አይወጣም፤ አብሮ ይቀመጣል። ይኸንኑ ወግ ተጠቀሙበት። አራታችሁም ፊት ለፊት ቁሙ። ደብዳቤውን አታንብቡ፤ በራሳችሁ አፍ ተናገሩት። «እንዘጋለን» በሉ። «ሽግግር»፣ «አዲስ ምዕራፍ»፣ «መዋቅራዊ ማስተካከያ» የሚሉ ቃላትን ለጽሕፈት ቤቱ ተዉለት። ከዚያ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ። ቡና ይፈላ። በዚያው ሳምንት 23ቱንም ቤት ለቤት ሂዱባቸው፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ።

ወደ ደርጉ ክርክር ልምጣ፤ የወንድማችሁ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። እውነት ነው፣ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ ሕንጻዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። ያኔ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ወጡ። ግን ልብ በሉ። ያኔ የተዘጋው በሩ ነው፤ ሰው ነበረ። በየሳሎኑ አምስት ስድስት እየሆነ የሚሰበሰብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚዘምር ወጣት ሞልቶ ነበር። አሁን በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባበት የለም። በጉልበት የተዘጋና ሰው አልቆበት የተዘጋ አንድ አይደሉም፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ከወንድማችሁ ነገር አንድ የሚወሰድ አለ፤ ያኔ ሰዎቹ ያለ ሕንጻ ኖረዋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«እምነት ማጣት ነው» የሚለውን ደግሞ እዚሁ እንቁረጠው። እንደምገምተው አንድ ሰው የዮሐንስ ራእይን ጠቅሷል፤ ለኤፌሶን የተጻፈውን፣ «መቅረዝህን ከስፍራው እወስዳለሁ» የሚለውን። በዘጋሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህ ጥቅስ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ደብዳቤው የሚወቅሰው የቀደመ ፍቅሩን የተወውን ነው። ልጁ ሥራ ፍለጋ የሄደበትን አይደለም። 17 አዛውንት ጣራ በሚያፈስ ቤት ውስጥ በየእሁዱ ሲገኙ ፍቅራቸውን ትተዋል የሚል ካለ፣ እሱ ራሱ ባለፈው እሁድ የት እንደነበረ ጠይቁት።

ቁጥራችሁ የመነመነበትን ምክንያት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ካልተነገረ እናቶች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጉታል። «ጸሎታችን ቀዝቅዞ ነው» ይላሉ። ኮምቦልቻን ለሚያውቅ ምክንያቱ ስውር አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ወጣቱ፣ በተለይ ሴቶቹ ልጆች፣ ወደ ከተማው ጎረፉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ገባ። ከአንድ ወር በኋላ ሲወጣ ፋብሪካዎቹና ፓርኩ ተዘርፈው ነበር። ገና ሳይነሱ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ አስወጣች። ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ልብስ ከቀረጥ ነጻ መግባቱ ቀረ። ሥራ ሲጠፋ ወጣቱ ቦርሳውን አነሳ፤ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዓረብ አገር። የቀረውም ሞቅ ወዳለበት፣ ኪቦርድና ሞንታርቦ ወዳለበት ሄደ። ምናልባት መሃል ላይ የሽማግሌዎች ጠብም ነበር። ብዙ ጊዜ ይኖራል። ካለ እሱንም ደፍራችሁ ተናገሩት፤ የሚያስታውሱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

አሁን ዋናው ጽሕፈት ቤት ያቀረበውን እንይ። «ደሴ ተጠቃለሉ» የሚለው በካርታ ላይ ያምራል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አለ። ይህ የወጣት ሒሳብ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500። ጉልበቷን የሚያማት እናት በክረምት፣ ሐረጎን በጭጋግ ወጥታ፣ ደሴ ብርድ ላይ ወርዳ፣ ሌላ ታክሲ ይዛ አምልኮ ትሄዳለች? የመጀመሪያውን ወር ትሄዳለች፤ ይሉኝታ አለባት። በሁለተኛው ወር አንድ እሁድ ትቀራለች። በሦስተኛው የሚጠይቃት የለም፤ የደሴዎቹ ገና በስሟ አያውቋትምና። በወረቀት ላይ 23 ሰው ተዛውሯል። በተግባር የሚደርሱት አራት ወይ አምስት ናቸው፤ እነሱም መኪና ያለው ዘመድ ያላቸው።

ሌላው መንገድ እዚያው ኮምቦልቻ ያለ የሌላ ቤተ እምነት አጥቢያ መቀላቀል ነው። ለእግር ይቀርባል። ግን በቅድሚያ የሚጠየቅ ነገር አለ። በአንዳንዶቹ ሕፃናት ይጠመቃሉ፤ እንደ መካነ ኢየሱስ። በሌሎቹ ጥምቀት ያመነ ሰው ነው፤ እንደ ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወትና መሠረተ ክርስቶስ። የ70 ዓመት ሴት «እንደገና ተማሪ፣ እንደገና ተጠመቂ» ተብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ተቀባዩ አጥቢያ ይህን እንደማይጠይቅ ከሽማግሌዎቹ በደብዳቤ ተቀበሉ። በቃል አይበቃም፤ ሽማግሌ ይቀየራል። በቤተ እምነቶቹ መካከል ስምምነት ከጠፋ፣ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል አለ። እንዲያሸማግል መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ቤቱን ለወጣት አጥቢያ አስረክቦ እዚያው መቀጠል ነው። ሲሳካ ያምራል። ግን እወቁት፣ እንግዳ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ወንበሩ ይቀየራል፣ ሰዓቱ ይቀየራል፣ ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ሦስት ወር እንሞክረው ብላችሁ አትግቡበት፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ስጡ፣ ወይ ተዉት። ቦታው የምሪት መሆኑንም አትርሱ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ለአምልኮ የተሰጠ ቦታ ሸጣችሁ የምትከፋፈሉት ርስት አይደለም። ጥቅም ላይ ካልዋለም ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ በቃል «እንካችሁ ግቡበት» ብላችሁ እንዳትፈርሙ። መጀመሪያ ዋናው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የከተማው መሬት ክፍል።

እኔ የምመክረው አራተኛውን ነው። አጥቢያው ይዘጋ፤ ሕብረቱ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ ይቅር። ሳምንት በሳምንት፣ ከእሁድ ሌላ በሆነ ቀን፣ በአንዷ እናት ሳሎን። ከደሴ አጥቢያ ሥር ሁኑ። ወንጌላዊው እሁድ እናንተን ሽቅብ ከሚያስወጣችሁ እሱ በወር ሁለቴ ቁልቁል ይውረድ። የጌታን እራት ይዞላችሁ ይምጣ። ጠንካራ እግር ያለው እሁድ ደስ ወዳለው ይሂድ። ወንድማችሁ የደርግ ጊዜን ያነሳው ለዚህ ከሆነ ትክክል ነው። ይህን በደብዳቤ ለጽሕፈት ቤቱ ጻፉ፤ እምቢ አይሉም፣ ወጪው የሚኒባስ ታሪፍ ነው።

አሁን ማንም ሽማግሌ ወዳልጠየቀኝ፣ እናቶቹ ግን ሁሌ ወደሚጠይቁኝ ነገር። ስለ መዝጋት ስታወያዩዋቸው ስለ ስብከትና ስለ መዝሙር ያወራሉ። ሁሉም ወጥቶ አንዷ ስትቀር ግን ክንዴን ይዛ ቀስ ብላ ትጠይቀኛለች። «እኔን ማን ይቀብረኛል?»

ይህ ጥያቄ እስካልተመለሰ ሌላው ምክር ሁሉ ጆሮዋ አይገባም። የወንጌላውያን ሰው በዚህ አገር መቃብር ማግኘት ቀላል ሆኖለት አያውቅም። ደብር ግቢ ውስጥ አይቀበርም። አጥቢያው ከማዘጋጃ ቤት ተመላልሶ ያገኘው ቦታ ካለ፣ በማን ስም ነው? በምትዘጋው አጥቢያ ስም ከሆነ ከመዝጋታችሁ በፊት ወደ ዋናው ጽሕፈት ቤት ወይ ወደ ተቀባዩ አጥቢያ ይዙር። ወረቀቱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ማኅተሙን አታስረክቡ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ማኅተሙን አታስረክቡ።

ዕድሩ እንኳ አያሳስባችሁ። ዕድር የሰፈር ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም አንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው። ብዙውም አንድ ቤተ ዘመድ ነው። ዕድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ያስተዛዝናል። ሬሳው ፊት ቆሞ የሚዘምረው፣ ቃል የሚያነበው ግን ማን ነው? ለእያንዳንዱ ሰው ስም ጻፉ። «ለእትዬ እገሊት ይህ አጥቢያ ይመጣል፤ የሚደወለው ለዚህ ሰው ነው።» ወረቀቱን ለእሷም ለልጇም ስጡ። አንዷ እናት ወረቀቷን አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ስታስገባ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ መዝጋት ከእኔ ጋር ማውራት የቻለችው።

ጥበቃው። ሦስት ወር ያልተከፈለው ሰው አለ፤ መዝጊያችሁን እሱን በመበደል አትጀምሩ፣ እሱን በመበደልም አትጨርሱ። ውዝፉን ክፈሉ። ጥበቃ እንደ መጋቢ መንፈሳዊ አገልጋይ አይደለም፤ ተራ ሠራተኛ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ድርጅት ሲዘጋ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። የጡረታ መብት ለሌለው ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ይታሰባል። ዝርዝሩን የከተማው ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ያሰላላችኋል። ገንዘብ የለንም ካላችሁ ሞንታርቦው ይሸጥ። ግቢው ውስጥ የሚኖር ከሆነ የት እንደሚገባም አብራችሁ አስቡ።

ወረቀት ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በአጥቢያችሁ የተጋቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያላቸው ማስረጃ የእናንተ መዝገብ ነው። ነገ አንዷ ልጅ ከውጭ ደውላ የጋብቻ ወረቀት ትጠይቃለች። መዝገቡ ዝናብ በመታው ሣጥን ውስጥ ከቀረ አለቀ። የአባላት፣ የጋብቻ፣ የጥምቀት መዝገቡን፣ ቃለ ጉባኤውን በዝርዝር አስረክቡ። ተረካቢው ይፈርም። እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። ለ23ቱም መሸኛ ጻፉ፤ ለጠየቀው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። የሄዱት ልጆቻችሁም ከፈለጉ ይሰጣቸው። መሸኛ የሚጽፍ ማኅተም ከእንግዲህ የለምና።

ቀኑን ሰኔ 30 አታድርጉት። ክረምት ከገባ በኋላ ዘግታችሁ ማን ማንን ይጠይቃል? ጭቃው ውስጥ? ፋሲካን አብራችሁ አክብሩ። በግንቦት አንድ እሁድ ዝጉ። ሰኔ ሙሉውን ለቤት ለቤት ጥየቃ ተዉት። ቀኑን አባላቱ ራሳቸው በእጅ ብልጫ ይምረጡት። የሚመርጡት ሌላ ብዙ ነገር የለም፤ ይህቺን እንኳ ተዉላቸው።

የመጨረሻው እሁድ ኮንፈረንስ እንዳይሆን። እንግዳ ሰባኪ አትጥሩ። የሄዱትን ልጆች ጥሩ፤ መምጣት የማይችል በስልክ ድምፁን ይላክ። ሰው ይናገር፤ ጌታን ያገኘው የት ወንበር ላይ እንደሆነ፣ ማን እንዳጠመቀው፣ ጭቃውን ማን እንዳቦካ። ሰው ቢያለቅስ ዝም አታሰኙት። በእኛ ሠፈር «ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ» የሚለው ቃል «አትዘኑ» ተብሎ ይሰበካል። ጳውሎስ ያለው እንደሱ አይደለም። ከመዝሙሩ በኋላ ዕቃው በግልጽ ይከፋፈል። መጋረጃውን የሰፋችው እናት መጋረጃውን ትውሰድ። አግዳሚውን የሠራው አናጺ በሕይወት ካለ አንዱን አግዳሚ ይውሰድ። ይህን በጓዳ ካደረጋችሁት ለዓመታት ሐሜት ትተክላላችሁ። ጎረቤቶችም ይምጡ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ «አብሽሩ» ብለው ቡና ይዘው ቢመጡ አትገረሙ፤ ሌላ ቦታ ሆኖ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሥራ አለባችሁ። የሚከብደው የመዝጊያው ሳምንት አይደለም፤ የመጀመሪያው ገና፣ የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። በእነዚያ ቀናት ማንም ብቻውን እንዳይውል። አንዷ ምግብ ካቆመች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ ከቤት መውጣት ከተወች፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጸልያችሁ ብቻ አትመለሱ። ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። «መሞቴ ይሻላል» ካለች ሁለት ሳምንቱን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዷት። ሐዘንና ሕመም አንዳንዴ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለየው ሐኪም ነው። እኔም አልችልም፤ እናንተም አትችሉም።

«ቁጥራችን ትንሽ ይጨምር እንደሆን አንድ ዓመት እንጠብቅ» የሚል ሐሳብ ይነሳ ይሆናል። ሐቀኛ ልሁን፤ ይህን ያህል ወርዶ፣ መጋቢ ሳይኖረው፣ ተመልሶ የሞላ አጥቢያ እኔ አላየሁም። በ23 ሰው ስትዘጉ የሚዘምር አለ፣ ወንበር የሚሸከም አለ፣ መሸኛ የሚጽፍ አለ። በስድስት ሰው ስትዘጉ ቁልፉን የሚያዞር ጥበቃ እንኳ አይኖርም።

አንድ ነገር ይቀራል። ዝም ያሉት አራተኛው ሽማግሌ። ከእሁድ በፊት ብቻዎን ቤታቸው ይሂዱ። ስለ ውሳኔው አይጠይቋቸው። ያ ቤት ሲሠራ እሳቸው ምን እንደሠሩ ይጠይቋቸው። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ፤ ቢመሽም አይቸኩሉ።